ቤት ሊወሰድበት ለተቃረበም ሰው ቦታ ይኑረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የምናነባቸው የአማርኛ ጋዜጦች፣ የእናንተም ጭምር፣ ከፊት እስከ ኋላ በቤት አሻሻጮችና በብድር ወኪሎች ማስታወቂያ የተሞሉ ናቸው። ጋዜጣ ያለ ማስታወቂያ እንደማይቆም ስለማውቅ ይህን አልነቅፍም። ቅር የሚለኝ፣ በእነዚሁ ወኪሎች በኩል ቤት የገዛ ሰው ሥራው ቢቀዘቅዝ፣ ቢታመም ወይም ትዳሩ ቢፈርስና ወርኃዊ ክፍያው ቢያቅተው ወዴት ማለት እንዳለበት የሚነግረው አንድ ዓምድ እንኳ አለመኖሩ ነው።

እንግሊዝኛ ደብዳቤ እንዳነብላቸው ወደ እኔ ከሚመጡት የሰፈርና የዕድር ሰዎች አብዛኞቹ የሚደርሱት ጊዜው ካለፈ ወይም ሊያልፍ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ከወራት በፊት አንዲት እናት በፌስታል ሞልተው ካመጧቸው ፖስታዎች የሚበዙት አልተከፈቱም ነበር። ከመካከላቸው ወፈር ያለውና በአደራ የተላከው ባንኩ ቤቱን በሕግ ሊወስድ ማሰቡን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ በውስጡ የክፍያ ማስተካከያ የሚጠየቅበት ቅጽ እንደታጠፈ ተቀምጧል። የሜሪላንድ ሕግ ይህ ማስጠንቀቂያ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመግባቱ ቢያንስ 45 ቀን አስቀድሞ እንዲላክ፣ ቅጹም አብሮ እንዲገባ ያስገድዳል፤ እኚህ እናት ግን የኩባንያውን ስም ባዩ ቁጥር ሆዳቸው እየባባ ፖስታውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ይከቱት ነበር።

ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው፣ እርዳታው መኖሩን ብቻ ሳይሆን በቀን የተቆጠረ መሆኑንም ነው። በፌዴራል ደንብ መሠረት የብድር ክፍያ የሚሰበስበው ኩባንያ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ባለቤቱ ከ120 ቀን በላይ ሳይዘገይ ፎርክሎዠር፣ ማለትም ቤቱን በሕግ ወስዶ ለሐራጅ የማቅረብ ሂደት፣ መጀመር አይችልም፤ ከዚያም በፊት፣ ክፍያው በተቋረጠ በ45 ቀን ውስጥ፣ ያሉትን አማራጮች በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ባለቤቱ የተሟላ የክፍያ ማስተካከያ ማመልከቻ ከሐራጁ ቀን ከ37 ቀን በላይ አስቀድሞ ካስገባ ኩባንያው ማመልከቻውን መርምሮ መልስ ሳይሰጥ ቤቱን ለሐራጅ ማቅረብ አይችልም። «የተሟላ» የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ አንድ የደመወዝ ወረቀት ወይም አንድ የባንክ መግለጫ ቢጎድል ማመልከቻው እንዳልተሟላ ይቆጠራል፣ ቀኑም ይሄዳል። በሜሪላንድ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ከሆነ በ50 ዶላር ክፍያ በገለልተኛ አደራዳሪ ፊት ከአበዳሪው ጋር መቀመጥን መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህም ያለው ጊዜ ተገቢው ሰነድ ከደረሰ በኋላ 25 ቀን ነው። ቨርጂኒያ ላለው ወገናችን ነገሩ ይብሳል፤ እዚያ ፎርክሎዠር በአብዛኛው ያለ ፍርድ ቤት ስለሚካሄድ ዳኛ ፊት ቀርቦ ለማስረዳት መጠበቅ አይቻልም።

ይህን ሁሉ ብቻውን እንዲወጣው የሚጠበቅበት ሰው የለም። የፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ሀድ የምንለው፣ ዕውቅና የሰጣቸው የቤት አማካሪዎች ቤቱ ሊወሰድበት ለተቃረበ ሰው የሚሰጡት አገልግሎት በነፃ ነው። በ800-569-4287 ደውሎ በአቅራቢያ ያለውን ድርጅት መጠየቅ ይቻላል፤ እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው ሲደውል ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ተናግሮ አስተርጓሚ ይጠይቅ። አማካሪው ገቢና ወጪን ቁጭ ብሎ ያሰላል፣ ማመልከቻውን ያስሞላል፣ ከኩባንያውም ጋር ይነጋገራል። ውዝፉ ወደ ብድሩ መጨረሻ ሊገፋ፣ በየወሩ ተከፋፍሎ ሊከፈል፣ አንዳንዴም የብድሩ ውል ተሻሽሎ የወር ክፍያው ሊቀንስ ይችላል። ቤቱን ማቆየት በእውነት የማይቻል ከሆነም፣ ሐራጅ ሳይደርስ ራስ በገበያ ዋጋ ሸጦ የተጠራቀመውን ጥሪት ይዞ መውጣት ሐራጁን ከመጠበቅ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

ሰዎቻችን ለምን አይደውሉም? ዋናው ምክንያት «ምን ይሉኛል» ነው። ቤት ሲገዛ ጎረቤት ጠርቶ ቡና ያፈላ ሰው ክፍያ እንዳቃተው ለዘመድም አይተነፍስም፤ ይልቁንም የዕቁብ ዕጣውን ለምኖ ያስቀድምና የሁለት ወር ውዝፍ ይከፍላል፤ በሦስተኛው ወር ግን የቤቱም የዕቁቡም ክፍያ አብረው ይቆሙበታል። ገመናውን ለሚጠብቅ ሰው ከማኅበረሰቡ ውጭ የሆነ፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት አማካሪ ከማንም ይልቅ ሊስማማው በተገባ ነበር።

ዝምታው ክፍት የተወውን በር ግን ሌሎች ገብተውበታል። ሐራጅ የወጣባቸው ቤቶች ዝርዝር ይፋ ስለሆነ፣ «ቤትዎን እናድናለን» የሚሉ ደዋዮች ከአማካሪዎቹ ይቀድማሉ፤ አንዳንዶቹም በራሳችን ቋንቋ ነው የሚያነጋግሩት። የፌዴራል ደንቡ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሸጥ ድርጅት፣ ባለቤቱ ከአበዳሪው የተገኘውን የጽሑፍ ስምምነት ሳይቀበል በፊት ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ለጠበቆች ብቻ የተለየ ሁኔታ አለ። ስለዚህ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅን፣ ይባስ ብሎም «ስመ ንብረቱን ለጊዜው ወደ እኛ ያዙሩት» የሚልን ማንም ሰው ወረቀት ሳይፈርሙ መሸኘት ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው የስልክ ቁጥሩንና እነዚህን ቀኖች የያዘ አነስተኛ ሣጥን በየዕትሙ እንዲወጣ፣ በተለይም ከቤት ሽያጭ ማስታወቂያዎቹ ጋር በአንድ ገጽ ላይ እንዲሆን ነው። የዕድር ሰብሳቢዎች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አስተዳዳሪዎችም ያንኑ ቆርጠው በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ ሊለጥፉት ይችላሉ። የአማርኛውን ረቂቅ ያለ ክፍያ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ፤ ደንቦቹ ስለሚለዋወጡ ግን ከመታተሙ በፊት ዕውቅና ያለው አማካሪ እንዲያየው አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ