የቅዳሜው ጉዟችን ወደ ኢያም

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ የምናያት ኢያም በእንግሊዝ ደርቢሸር ያለች ትንሽ መንደር ናት። በ1665 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ገባባት፤ ከለንደን ለልብስ ሰፊ በተላከ ጨርቅ ውስጥ የነበረ ቁንጫ ነው ያመጣው ይባላል። በዓመቱ ቄስ ዊልያም ሞምፐሰንና ከእሱ በፊት ያገለገለው ቶማስ ስታንሊ በሽታው ወደ ሌላ እንዳይዛመት ነዋሪውን አሳምነው መንደሩን ዘጉ። ኤልዛቤት ሃንኮክ የምትባል እናት በ8 ቀን ውስጥ ባሏንና 6 ልጆቿን ቀበረች። ይከብዳል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የድንበሩ ድንጋይ ይበልጣል። ላዩ ላይ ጉድጓዶች አሉት። ያኔ የመንደሩ ሰዎች በሽታውን ያጠፋል ብለው ሳንቲማቸውን እዚያ ኮምጣጤ ውስጥ ይነክሩ ነበር፤ የጎረቤት መንደር ሰዎች ደግሞ ምግብ አስቀምጠው ገንዘቡን ይወስዱ ነበር። ድንጋዩ ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ እባካችሁ ነጭ ስኒከር አድርጋችሁ እንዳትመጡ።