ያቤሎ ላለኸው ወንድሜ

እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ? እኛ ደሴ ላይ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝምታችን በጣም ረዘመ። ዛሬ ግን ካንተ በቀር የማጫውተው ሰው የሌለ ነገር ሆዴ ገብቷል።

በቀደም ሰፈራችን ስብሰባ ነበር። አንዲት እናት ተነስተው የውሃውን ነገር ማውራት ጀመሩ። ሰብሳቢው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «እማማ፣ ጊዜ የለንም፣ በጽሑፍ ያስገቡ» አላቸው። እሳቸው መጻፍ አይችሉም። ነጠላቸውን ሰብስበው ቁጭ አሉ። ደሜ ፈላ!

ጋና ውስጥ አሻንቲዎች አለቃ ሲሾሙ፣ እዚያው ሹመቱ ላይ ሕዝቡ የማይፈልገውን አንድ በአንድ ያስነግሩታል። ስስታም እንዳትሆን። ምክር እንቢ እንዳትል። ሰውን ጅል እንዳትል። ደግሞ «ጊዜ የለኝም» እንዳትለን! ካጠፋም ከወንበሩ ያወርዱታል። እዚያው ጋና፣ ቴቺማን ላይ አፖ የሚባል በዓል አላቸው። ሰው በሹሙ ላይ ያለውን ቅሬታ ፊት ለፊት ይናገራል፣ አይቀጣም። የታመቀ ቂም የተናጋሪውንም የሹሙንም ነፍስ ያሳምማል ብለው ያምናሉ። ናይጄሪያ ውስጥ በነበረው በድሮው የዮሩባዎች መንግሥት በኦዮ ግን ባሾሩን የሚባለው ሹም ባዶ ቅል ካቀረበለት ንጉሡ ራሱን ማጥፋት ነበረበት። ይሄኛው ይከብዳል፣ እኔ አልወደድኩትም።

እኛም ጋ ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። ደግ ነው። ግን ካልጠየቁስ? አፖ ላይ ሹሙ ፈለገም አልፈለገም ቀኑ ይደርሳል። አበጋሮቻችንን ታውቃቸዋለህ። እስላም ክርስቲያን ሳይሉ፣ ዱዓውም ምርቃቱም ሳይቀር፣ ደም የተቃቡትን አስቀምጠው ያስታርቃሉ። ይህን የሚያውቅ የወሎ ሰው ለሹምና ለሕዝብም እንዲህ ያለ ቀን ማበጀት አያቅተውም። እኚያ እናት ለመናገር ጀግና መሆን ነበረባቸው እንዴ?

ለዚህ ነው አንተን የፈለግሁህ። ቦረናዎች በየ8 ዓመቱ ጉሚ ጋዮ በሚሉት ትልቅ ጉባኤያቸው ላይ ተሰብስበው አባ ገዳውን ይገመግማሉ፣ ካጠፋም ይሽራሉ። አንተ መሃላቸው ነህ። እስኪ ሽማግሌዎቹን ጠይቅልኝ፦ ተራ ሰው አቤቱታውን እዚያ የሚያደርሰው እንዴት ነው? ሴቶችስ? ሳታሳጥር ጻፍልኝ። መልስህን ይዤ ሰፈራችን ካሉት አባቶች ጋር ልቀመጥ አስቤያለሁ፤ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

ወንድምህ፣ ከደሴ