ለአባባ፦ ሻንጣው ውስጥ ስላሉት ቁልፎችና ቡሶላዎች

ይድረስ ለውድ አባቴ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ክረምቱን እንዴት አለፈው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

እህቴ በጥቅምት ስትመጣ ከሁለቱ ሻንጣዎቿ አንዱ ብረት ብቻ ነው፤ ለኮሮላዎ የሚሆኑ የቡሎን መፍቻ ቁልፎችና ቡሶላዎች፣ ማለትም በእጀታ እየተሰኩ ቡሎኑ ላይ የሚጠለቁ ራሶች ናቸው። ሲከፍቱት «ይሄ ከየት ከየት የተለቃቀመ ነው?» ማለትዎ አይቀርም። አንዱ የጃፓን፣ አንዱ የጀርመን፣ አንዱ የታይዋን ነው። ሆን ተብሎ ነው። በመቶ ሃያ ፍሬ የሚሸጠውን ባለ ፕላስቲክ ሳጥን ስብስብ ቢገዙ ግማሹን ዕድሜ ልክዎን አይነኩትም፤ የሚፈልጉት 12 ቁጥር ግን አንድ ብቻ ሆኖ ያገኙታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቮልሷ ቁልፎች ነው። ያ የሃዜትና የጌዶሬ ቁልፍዎ ዛሬም ከአዲስ አያንስም። ሁለቱም የሬምሻይድ ከተማ ሥራ ናቸው፤ ሃዜት ከ1868፣ ጌዶሬ ከ1919 ጀምሮ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ሃዜት እንዲያውም በቮልስ መለዋወጫ ጎማ ጎድጓዳ ውስጥ ልክ የሚገባ ክብ የመሣሪያ ሳጥን ይሠራ ነበር። ችግሩ ቁልፉ ላይ ሳይሆን ቁጥሩ ላይ ነው። ጀርመኖች 8 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ቡሎን 13 ጭንቅላት ይሰጡታል፤ ጃፓኖች ለዚያው ቡሎን 12። 10 ውፍረት ያለው በድሮው የጀርመን ልክ 17፣ በአዲሱ ዓለም አቀፍ ልክ 16፣ ቶዮታ ላይ 14 ነው። 12 ውፍረት ያለውም እንደዚሁ 19፣ 18 እና 17 እያለ ይወርዳል። ሁሉም የተስማሙት 6 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ላይ ነው፤ እሱ የትም ቢሄዱ 10 ቁጥር ነው። ስለዚህ የቮልሱ ሳጥን 13፣ 17 እና 19 ሞልቶታል፤ ኮሮላው ደግሞ 10፣ 12 እና 14 ይላል። 13ን በ12 ላይ አጥልቆ መግፋት ማለት የቡሎኑን ስድስት ማዕዘን በአንድ ጊዜ መብላት ነው፤ አንዴ ከተበላ ደግሞ ትክክለኛውም ቁልፍ አይዘውም። 13ቱንና 16ቱን ቁልፍ ከኮሮላው መሣሪያ ለይተው ሌላ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡልኝ፤ የካንዴላው 16 ቡሶላ ግን ከኮሮላው ጋር ይቆይ።

የተለያየ ፋብሪካ ዕቃ አብሮ መሥራቱ አያሳስብዎ። ቡሶላው በእጀታው ላይ የሚሰካበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሩብ ኢንች፣ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ ግማሽ ኢንች። የጃፓን ቡሶላ በታይዋን እጀታ ላይ ያለ ጭቅጭቅ ይገባል። ድሮ ቡሶላና እጀታ አንድ ወጥ ብረት ነበሩ። የአሜሪካው የመሣሪያ ፋብሪካ ስናፕ ኦን በ1920 ሚልዋኪ ላይ ሲቋቋም ሐሳቡ በሙሉ ይኸው ነበር፤ በአምስት እጀታና በአሥር ቡሶላ የሃምሳ ቁልፍ ሥራ መሥራት። ዛሬ የስናፕ ኦን ዕቃ ከሚሸጥበት መኪና ላይ የአንዱን ራቼት (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ባለ ጥርስ እጀታ) ዋጋ ቢጠይቁ ግን ለሌላው ሁሉ የሚተርፍዎ ነገር የለም። የዕድሜ ልክ ዋስትናውም ቢሆን አሜሪካ ላለ ሰው እንጂ ቤትዎ ድረስ አይመጣም።

ስለዚህ ገንዘቡን ያዋልኩት ቡሎኑን በቀጥታ የሚነካው ብረት ላይ ነው። ስድስቱ ቡሶላ የኮኬን ናቸው፤ 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19፣ በሦስት ስምንተኛ። ኮኬን ከ1946 ጀምሮ በዚሁ በቡሶላ ሥራ ላይ ያለ የጃፓን ፋብሪካ ነው። አንዱን ገልብጠው በብርሃን ውስጡን ይዩት፤ ስድስት ማዕዘን ብቻ ነው፣ ግድግዳዎቹም ማዕዘኑ ጋ ትንሽ ገባ ብለው ተቦርቡረዋል። ሲያዞሩት ቡሎኑን የሚገፋው በጠፍጣፋው ጎኑ ነው እንጂ ጠርዙን አይነክሰውም። አሥራ ሁለት ጥርስ ያለው ቡሶላ ግን ጠርዙ አጠገብ ነው የሚይዘው። ጥቅሙ በየ30 ዲግሪው መግባቱ ነው፤ ዝገት የበላው ቡሎን ላይ ግን መጀመሪያ የሚያንሸራትተው እሱ ነው። ለቀለበት ቁልፍ አሥራ ሁለቱን እታገሣለሁ፤ ለቡሶላ አልታገሥም።

10 ቁጥር ሦስት ነው የላክሁት። የባትሪው ካፖ ማሰሪያ፣ ካንዴላው ላይ የተቀመጡት ኮይሎች፣ ግማሹ የፕላስቲክ ክዳን፣ ሁሉም 10 ናቸው። በዚያ ላይ ሞተር ውስጥ ወድቆ የሚጠፋው ሁልጊዜ 10 ነው፤ የዓለም መካኒክ ሁሉ በዚህ ይስቃል።

ረጅሙ ጥቁር ዘንግ ራቼት አይደለም። 60 ሳንቲሜትር የሆነ የግማሽ ኢንች መፍቻ ዘንግ ነው፤ ለጉልበትና ለትከሻዎ ብዬ ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ የገዛሁት እሱን ነው። የኮሮላው የጎማ ዳዶ 21 ቁጥር ሲሆን የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር (የማዞሪያ ኃይል መለኪያ) ነው። መኪናው ይዞት በመጣው 25 ሳንቲሜትር በሆነ አጭር እጀታ ይህን ያህል ለማምጣት ጫፉ ላይ 42 ኪሎ መጫን አለብዎ። በ60ው ዘንግ 17 ኪሎ ተኩል ይበቃል። ጎሚስታው በአየር ካጠበቀው ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜም ቢሆን በእግር መርገጥ አያስፈልግም። ዘንጉን ወደ ራስዎ ይሳቡት፣ ወደ ታች በሰውነት ክብደት አይጣሉበት፤ ቡሶላው ቢወጣ የሚወድቁት እርስዎ ነዎት። ጎማው መሬት እንደነካ ሩብ ዙር ያላሉት፣ ከዚያ በኋላ ነው ክሪክ የሚገባው። ክሪክ ለማንሳት ብቻ ነው። ሁለት ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ሳይቆምበት ከሥር አይገቡም፤ ይህን አደራ ማለቴ ነው።

ራቼቱ የታይዋን ነው፣ የኪንግ ቶኒ። 72 ጥርስ አለው፤ ስለዚህ እጀታው በ5 ዲግሪ መወዛወዝ ብቻ አንድ ጥርስ ይይዛል። ጠባብ ቦታ ላይ ጥቅሙ ይሄ ነው። ጥርሱ በበዛ ቁጥር ግን እያንዳንዱ ይሳሳል፤ ስለዚህ ክርር ያለ ቡሎን መጀመሪያ በዘንጉ ወይም በቀለበት ቁልፍ ይላላ፣ ራቼቱ የላላውን ለማውጣት ብቻ ነው። በላዩ ላይ ቧንቧ ሰክቶ የሚያስረዝም ጎረቤት ከመጣ አይስጡት። ቢቆሽሽም በቤንዚን አይጠቡት፤ ውስጡ ያለውን ግራሶ አጥቦ ያወጣዋል፣ ከዚያ ቀጭ ቀጭ ማለቱን ትቶ መንሸራተት ይጀምራል።

ጥቁሯ 21 ቡሶላ ለብቻዋ የተጠቀለለችው ለጎማ ስለሆነች ነው። የሚያብለጨልጩት ቡሶላዎች ጠንካራ ናቸው፣ በአየር መፍቻ ምት ግን ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ጥቁሩ ክሮም ሞሊብዲነም የሚባለው ነው፤ ምቱን ችሎ ይውጠዋል። ጎሚስታ ቡሶላ ተዋሱኝ ካለዎ ጥቁሯን እንጂ የሚያብለጨልጨውን አይስጡት።

ቶርክ ሬንቹ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው እጀታ፣ ከ40 እስከ 200 ኒውተን ሜትር ይለካል። ለጎማ 103 ላይ ያድርጉትና ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ አንዱን ከዚያ ፊት ለፊቱን እያሉ፣ አንዴ ቀጭ እስኪል ይሳቡ። ሁለተኛ ጊዜ «ለማረጋገጥ» መሳብ ከልኩ ማሳለፍ ነው። ለመፍቻ ፈጽሞ አይጠቀሙበት፤ ሥራው ሲያልቅ መጠኑን ወደ ታችኛው ቁጥር ይመልሱት፣ ውስጡ ያለው ሞላ ተጨንቆ እንዳይከርም።

የሞተር ዘይት ማፍሰሻው 14 ቁጥር ነው፣ 38 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። ቶርክ ሬንቹ ከዚያ በላይ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ በቀለበት ቁልፉ ይጥበቅ። 14ቱ ቁልፍ ወደ 17 ሳንቲሜትር ተኩል ነው፤ ጫፉን ይዘው በ22 ኪሎ ቢስቡ ልኩ ላይ ነዎት፤ አንድ ሻንጣ ከመሬት የማንሳት ያህል መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ የሚጎዳው ካርተሩ (የዘይት መያዣው) ነው፤ ቡሎኑ ብረት ሆኖ የተሰካበት ጥርስ ስስ ነው። ስሷን ክብ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በየዘይት ቅያሪው ይቀይሯት።

ለካንዴላ 16 ቁጥር ረጅም ቡሶላ አለ፣ ውስጡ ጎማ ያለው፤ ካንዴላውን አንቆ ይይዛል። 15 ሳንቲሜትር ማራዘሚያ ይሰኩበት። ሞተሩ በደንብ ሳይቀዘቅዝ አይፍቱ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም ነው፤ ትኩስ ሆኖ ሲፈታ ጥርሱ አብሮ ይወጣል። አዲሱን ሲያስገቡ ራቼቱን ትተው ማራዘሚያውን በጣት ብቻ ያዙሩ። በጣት መሄድ ካቃተው ተጣሞ ገብቷል ማለት ነውና መልሰው ያውጡት። ተቀምጦ ሲቆም ከዚያ በኋላ ግማሽ ዙር በራቼት ይበቃል።

የቀረውን መርካቶ ያገኛሉ። ሲሄዱ ሦስት አዲስ የቶዮታ ቡሎን፣ ባለ 10፣ ባለ 12 እና ባለ 14 ጭንቅላት፣ ኪስዎ ይክተቱ። ነጋዴው «ኦርጅናል ጀርመን ነው» ሲል ስሙን አይዩ፤ ቡሎኑን ከቡሶላው ውስጥ ያስገቡና ግራ ቀኝ ያነቃንቁት። ትንሽ መንቀሳቀስ ያለ ነው፤ በጣም ከተወላወለ ግን ይመልሱት። ቀጥሎ አፉን ይዩ፣ ግድግዳው በአንድ ጎን ወፍሮ በሌላው ከሳሳ ቀዳዳው መሐል አልተበሳም። ጠርዙ ላይ ክሮሙ የተላጠ ካለ መልክ ብቻ አይደለም፣ ጣት እንደ ምላጭ ይቆርጣል። «ክሮም ቫናዲየም» ተብሎ መጻፉ ምንም አያረጋግጥም፤ እሱ የብረት ስም እንጂ የፋብሪካ ስም አይደለም። ስሙ ጥርት ብሎ የታተመበት የታይዋን ዕቃ፣ የጀርመን ስም ከተኮረጀበት ዕቃ ሁልጊዜ ይሻላል።

ምናለሽ ተራ አሮጌ የአሜሪካ ቁልፍ ካጋጠመዎ በኢንች ነው። ሦስት አራተኛው 19.05 ስለሆነ በ19 ፈንታ ያለ ሐሳብ ይጠቀሙበት። ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛው 14.29 ነው፤ ላላ ላለ 14 ይሆናል፣ ለደረቀው አይሆንም። ግማሽ ኢንቹ 12.7 ነውና ለ12 እንዳያስቡት፤ ይበላዋል። ለ13ቱ ደግሞ ይጠባል።

የደረቀ ቡሎን ሲያጋጥምዎ ማታ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነክረው ያሳድሩት። ጠዋት ከመፍታትዎ በፊት ጥቂት ወደ ማጥበቂያው ይግፉት፤ ዝገቱ የሚሰበረው ያን ጊዜ ነው፣ ከዚያ ይፍቱ። ቢላላም ደርቆ ከተመለሰ እንደገና ዘይት ጨምረው ወዲያ ወዲህ ያድርጉት። በኃይል ከቀጠሉ ጭንቅላቱ ተቆርጦ በእጅዎ ይቀራል። የፍሬን ቱቦ ዳዶዎች ላይ ግን ክፍት አፍ ቁልፍ እንዳያሳርፉ። ለእነሱ ቀለበቱ በአንድ በኩል የተሰነጠቀ 10 ቁልፍ ልኬያለሁ፤ ቱቦውን አሳልፎ አምስት ጎን ይይዛል።

ሁሉንም በቁጥር ቅደም ተከተል መሳቢያው ውስጥ ይደርድሩ፣ ቀዳዳ ያለው ስፖንጅ አብሮ አለ። ሥራ ሲያበቃ ባዶ የቀረው ቀዳዳ የት እንደተረሳ ይነግርዎታል፤ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይ ነው። ለክረምቱ ዘይት የነካ ጨርቅ በየጊዜው ያዳርሱባቸው።

አንድ ነገር ይላኩልኝ። የካርተሩን ማፍሰሻ ቡሎን በካሊፐር ጎን ለጎን ይለኩት። 14 ካልሆነ ቀድሞ ጥርሱ ተበልቶ በሌላ ተተክቷል ማለት ነው፤ 17 ወይም 19 ከሆነ ቁጥሩን ለእህቴ በስልክ ይንገሯት፣ ከመነሳቷ በፊት አዲስ ቡሎንና ጓርኒሲዮኑን ሻንጣው ውስጥ እጨምረዋለሁ። ሻንጣው እስካሁን 19 ኪሎ ነው፤ 23 ድረስ ቦታ አለ።

ልጅዎ