ሲሚንቶው ሳይቀድመን ይመዝገብልን

ይድረስ ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር የባህልና ቱሪዝም ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የሠፈራችንን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በቅርስነት ስለመመዝገብ

እኔ ካቶሊክ አይደለሁም፤ ጎረቤት ነኝ። ሠፈራችን የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራውና የሥጋው ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከሐምሌ 2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች በኪራይ ቤት ተጠጋግተን የምንኖርበት ነው። ከማታ ፈረቃ የሚመለስ ሰው በዚያ የድንጋይ አጥር ሥር ሳያልፍ ቤቱ አይገባም።

ወሎ ውስጥ ቅርስ ሲባል አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጡት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ የጀማ ንጉሥ መስጊድ፣ ደሴ ላይ ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ናቸው። ይገባቸዋል። የላብ አደር ሠፈር ቤተ ክርስቲያን ግን ማንም ትዝ አይለውም፤ የቱሪስት መኪናም አይቆምበት።

ጓሮ በኩል ያለውን ግድግዳ ቀርባችሁ እዩልኝ። ከመሠረቱ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ተለስኗል። ከሥሩ ያለው በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ነው። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ያፍናል። የታፈነው የክረምት ውሃ በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ይሳብና ከልስኑ በላይ ነጭ ጨው ሆኖ ይወጣል። ዛሬ በጣት ሲነኩት ድንጋዩ እንደ በሶ ይረግፋል። ይህን ያደረገ ክፉ ሰው አይደለም፤ ምእመናን ከደሞዛቸው አዋጥተው «እናሳምረው» ብለው ነው። ዘንድሮም ለቀሪው ግድግዳ መዋጮ ተጀምሯል ሲባል ሰምቼ ነው ብዕር ያነሣሁት።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከመጠገኑ በፊት ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዛል። መዝገብ ላይ ላልሰፈረ ሕንፃ ግን ማን ፈቃድ ሊጠይቅ ይመጣል? ባለቤት የለውም እንዳይባል፣ የባሕር ዳር-ደሴ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም. (በጥምቀት ዕለት መሆኑ ነው) ተቋቁሟል፤ የምትነጋገሩት አካል አለ።

ገንዘብ አልጠየቅንም። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ባለሙያ ይላክልን፤ ሕንፃውን ይለካ፣ ፎቶ ያንሣ፣ አዛውንቶቹ የሚያስታውሱትን ይጻፍ። መዋጮውን ለሚያሰባስበው ኮሚቴም በኖራ እንዴት እንደሚጠገን ይንገራቸው፤ ከእኔ ከጎረቤት ይልቅ ከመንግሥት ሰው ቢሰሙት ይቀበላሉ። የመንገድ ማስፋት ፕላን ካለም አጥሩ የት ድረስ እንደሆነ ከወዲሁ ይመልከት።

የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ከቁምስናው (ከአጥቢያው) ጽሕፈት ቤት ይገኛል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ በሌላ ቀን ቢሆን ይሻላል፤ ግድግዳውን እኔው አሳያለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሠፈሩ ነዋሪ፣ ኮምቦልቻ