ከሪባኑ በፊት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

በከዚራ ሻይ ቤቶችም ሆነ በርጫ ላይ አንድ ወሬ ይነሳል። «አቦ፣ ድሬ ካዚኖ ያለው ትልቅ ሆቴል ቢከፈትባት የጅቡቲ እንግዳ ይጎርፍ ነበር፤ ወጣቱም ሥራ ያገኝ ነበር» ይባላል። ቁማሩን በበኩሌ አልወደውም። የወሩን ጉርሻ በቤቲንግ የሚጨርስ ባልደረባ አለኝ። ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። አስተናጋጅ ስለሆንኩ ትሪ የሚሸከመው ሰው ያሳስበኛል።

ላስ ቬጋስን ሁሉም የሚያውቃት በመብራቷ ነው። አልጋ አንጣፊውና አስተናጋጁ «ኩሊነሪ» በሚባል ጠንካራ ማኅበር መታቀፋቸውን የሚያነሳ የለም። በ1991 እ.ኤ.አ. እዚያ የፍሮንቲየር ካዚኖ 550 ሠራተኞች አድማ መቱ። ስድስት ዓመት ከአራት ወር ቆዩበት። አንድም ሰው አድማውን ጥሶ አልገባም ይባላል። በመጨረሻ ባለቤቶቹ ሸጠው ሄዱ፤ አዲሱ ገዢ ከማኅበሩ ጋር ተፈራረመ።

ሁሌ ግን አይሳካም። በሌላዋ የአሜሪካ የካዚኖ ከተማ፣ በአትላንቲክ ሲቲ፣ የታጅ ማሃል ካዚኖ ሠራተኞች በ2016 እ.ኤ.አ. የሕክምና መድንና ጡረታ ጠይቀው አድማ መቱ። ባለቤቱ በሩን ዘጋው። ወደ 3,000 ሰው ሥራ ፈታ።

ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ማኅበራቱ ቀድመው ይነቃሉ። ባለሀብቱ ፈቃድ ፍለጋ ወደ ምክር ቤት ሲሄድ «ድጋፋችንን ከፈለግህ፣ ሠራተኛው ሲደራጅ ጣልቃ እንደማትገባ ፈርም» ይሉታል።

እኛስ? አዋጅ 1156/2011 አሥር ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል። በምሠራበት ሆቴል 19 ሆነን ስም ዝርዝር አዘጋጀን። በሳምንቱ ዝርዝሩን የያዘው ልጅ ወደ ሌሊት ፈረቃ ተዛወረ። የሁለት ልጆች ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ። የቀረነው ዝም አልን። እኔም ዝም ካሉት ነኝ፣ አልዋሽም።

ይህ የሆነው ደግሞ በድሬ ነው! ባቡር የቆረቆራት ከተማ ናት፤ የምድር ባቡር ሠራተኞች ማኅበርም በአገሪቱ ከቀደምቶቹ አንዱ ነበር። ጡረተኞቹ ፈረንሳዊውን አለቃ እንዴት ያፋጥጡት እንደነበር ዛሬም ያወሩልናል።

አስተዳደሩን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ካዚኖ መጣም ቀረ፣ ለሆቴል መሬት ሲሰጥ «ባለሀብቱ በሠራተኛው መደራጀት እጁን አያስገባም» የሚል አንድ መስመር በውሉ ይግባ። ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ የሚሰማን የለም።

አስተናጋጅ ነኝ፣ ከድሬዳዋ