ደብዳቤ ለልጄ፦ ሳሩን ሳታዪ ከብት እንዳትገዢ

የኔ ልጅ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ትናንት አጎትሽ ደውሎ 20 ወይፈን በአንዴ ልትገዢ ነው፣ ግማሹም በብድር ነው አለኝ፣ እንቅልፍም አልወሰደኝ። በስልክ ብናወራ እንደምንጣላ አውቃለሁ ለዛ ነው የምጽፍልሽ። እርሻውን መጀመርሽ አኩርቶኛል፣ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ነው የማወራው፣ ግን እባክሽ ሳሩን ሳታዪ ከብት እንዳትገዢ።

ሂሳቡን አብረን እንስራው። ከብት በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 300 ኪሎ ወይፈን 7 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው፣ ለምለም ሳር ደግሞ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። በ20 አባዢው፣ በየቀኑ ከ7 ኩንታል በላይ ሳር፣ የሚረጋግጡት ሳይቆጠር! አሁን መስኩ ለምልሞ ስታዪው ያለ ይመስልሻል፣ አንቺ መቁጠር ያለብሽ ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላ የሚኖረውን ነው።

አያትሽ ስለ ዳለቻዋ ላም ሲያወራ ሰምተሽ አታውቂም፣ ለማንም አያወራም ነበር። ዝናቡ የቀረ ዓመት ነው፣ እኔ ገና ልጅ ነኝ። እናቴ ከብቶቹ ሥጋ እንደያዙ ግማሹን እንሽጥ ብትለው ይዘንባል ይዘንባል እያለ ጊዜው አለፈ። በኋላ ሰው ሁሉ ከብቱን እየነዳ ገበያ ሲወጣ ማን ይግዛ፣ ዋጋው ወደቀ፣ የኛዎቹም አጥንታቸው ቀርቷል። ዳለቻዋ መነሳት አቃታት፣ ጠዋት ጠዋት እኔና አጎትሽ ከሆዷ ስር ገመድ አስገብተን እናነሳታለን፣ አባቴ ፊቱን አዙሮ ይቆማል። አንድ ቀን ሳትነሳ ቀረች። መሬቱም አብሮ ነው የተጎዳው፣ ሳር ቅጠል ካልተረፈለት ስሩም እየሞተ ይሄዳል፣ እና ዝናቡ ሲመለስ የበቀለው አረምና እሾህ ነበር፣ ሳሩ እስኪያገግም ዓመታት ፈጀ። እሱ እስኪሞት ድረስ ስለዛ ጊዜ አንድም ቀን አላነሳሁበትም። ቢያወራው ይቀለው ነበር ይሆናል እያልኩ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ልጄ ሳሩን እዪ፣ ከዛ ከብት።

ስትገዢ በወፈረው አትማረኪ፣ ሌላ ሰው ላበላው ነው የምትከፍዪው። ከሳ ያለ ግን ጤነኛ፣ አጥንቱ ሰፋ ያለ ወይፈን ጥሩ ሳር ሲያገኝ ቶሎ ይመለሳል። ክሳቱ ከርሃብ ይሁን ከበሽታ መለየት ያንቺ ሥራ ነው፤ የሚያስለውን፣ አይኑ የሚያለቅሰውን፣ የሚያስቀምጠውን ተዪው። ዕድሜውን ሻጩ ሲነግርሽ አትመኚ፣ አፉን አስከፍተሽ እዪ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትልልቅ ጥርሶች የሚወጡት ወደ 2 ዓመት ገደማ ነው።

የገዛሻቸውን ካሉሽ ላሞች ጋር እንዳትቀላቅዪ! ቢያንስ 3 ሳምንት ለብቻ፣ የውሃ ገንዳቸውም ለብቻ። አፍተግር፣ ያ አፍና ሰኮናን የሚያቆስለው ተላላፊ በሽታ፣ የያዘው ከብት ምልክት ሳያሳይ እስከ 2 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስለ አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ክትባት የእንስሳት ሐኪሙን አሁኑኑ ጠይቂ። የትል መድኃኒት ከሰጠሽ በኋላ አንድ ሁለት ቀን በረት ይዋሉ፣ እንቁላሉ መስክሽ ላይ እንዳይራገፍ። አልፋልፋው፣ ለመኖ የዘራሽው ተክል ጋ ደግሞ በባዶ ሆዳቸው ጤዛ ሳይደርቅ አታስገቢያቸው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ይሞቱብሻል፣ መጀመሪያ ድርቆሽ ስጫቸው።

መስኩን በኤሌክትሪክ አጥር ከፋፍዪው። ሳሩ 25 ሳንቲ ገደማ ሲደርስ አስገቢ፣ 10 ሳንቲ ሲቀር አውጪ፣ ቢያሳዝኑሽም አውጪ። በደንብ በሚያድግበት ጊዜ አንድ ወር ገደማ ይረፍ፣ በደረቁ ጊዜ ሁለት ወርና ከዛም በላይ። ይሄን ካላደረግሽ እኮ ሳሩን ሳታዪ ገዛሽ ማለት ነው፣ ደጋግሜ የምልሽ ወድጄ አይደለም።

ለጊዜው 8 ይበቃሻል። ደረቁ ወቅት አልፎ ሳር ከተረፈሽ ትጨምሪያለሽ፣ እኔም እረዳሻለሁ፣ ቃሌ ነው። ብቻሽንም በረት አትግቢ፣ ወይፈን ለማዳ ቢሆንም ጀርባሽን አትስጪው። ምሳ ደግሞ እየዘለልሽ ነው አሉ፣ ብዪ።

ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ከመስኩ ጥግ እስከ ጥግ አብረን እንሄዳለን፣ ማስመሪያ አዘጋጂ። ብድሩን እስከዛ እንዳትፈርሚ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ዛሬውኑ ላኪልኝ።

አባትሽ