የወፍ መመገቢያ ጎጆ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየግቢውም ሆነ በልጆች የእጅ ሥራ ለወፍ መመገቢያ ተብሎ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ጎጆ ነው፤ አራት ግድግዳ፣ ጠባብ በር፣ ድፍን ወለል። ሲያዩት ያምራል፤ ወፍ ግን አይደፍረውም። ድንቢጥ የምትለቅመው ቀና እያለች ጭልፊት እየጠበቀች ነው፤ ዙሪያዋን ካላየች አትገባም። ደሴ ላይ ደግሞ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ድፍን ወለል ላይ ይተኛና እህሉን ያሻግተዋል። የሻገተ እህል ወፍ ይገድላል። ስለዚህ ግድግዳው ይቅር፤ ጣሪያና ውሃ የማይዝ ወለል ይበቃል።

ወለሉን ብዙ ሰው በመሰርሰሪያ ይበሳዋል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ማሽላው ያልፋል፣ ጠባብ ከሆነ ገለባ ይደፍነዋል። የሚሻለው የመስኮት ወንፊት ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ጣውላ፣ ውስጡ 30 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክፈፍ ይገጠማል፤ ከሥሩ ሁለት አግዳሚ ይመታል። ወንፊቱ 29 በ24 በሆነ ቀጭን ክፈፍ ላይ ተወጥሮ አግዳሚዎቹ ላይ ይቀመጣል። ያቺ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝም ብላ አልተተወችም፤ እንጨት ሲረጥብ ስለሚያብጥ ልክክ ያለ ክፈፍ ክረምት ላይ ተጣብቆ አይወጣም።

ምሰሶዎቹ ከክፈፉ ውጭ በቪቴ ይታሰሩ፤ የፊቶቹ 24፣ የኋላዎቹ 18 ሳንቲ ሜትር ከክፈፉ በላይ ይውጡ። ጣሪያው በየአቅጣጫው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። ዝቅ ያለው ጎን ነፋስ ዝናቡን ወደሚያመጣበት ይዙር።

እንጨቱ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ የደረቀው ደግሞ ምስማር ሲመታበት ይሰነጠቃል፤ ቀድሞ በቀጭኑ መብሳት፣ ካልሆነም የምስማሩን ጫፍ በመዶሻ ማደንዘዝ ይረዳል። የፈረንጅ ጥድ ከሁሉም ይቀላል። ኮምፔንሳቶና ቺፕውድ ዝናብ ላይ ይላጣሉ። የዕቃ መጫኛ ፓሌት የሚፈታ ሰው ማህተሙን ይይ፦ «ኤች ቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ «ኤም ቢ» የሚለው ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሁን። ምስጥ እንዳይበላው ብሎ የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባትም ልማድ ሆኗል፤ ለአጥር እንጨት እንኳ ያጠራጥራል፣ ወፍ ለሚበላበት ግን መርዝ ነው። ከውጭ በኩል ብቻ ስስ የተልባ ዘይት ቀብቶ በደንብ እስኪደርቅ መተው ይሻላል።

መትከያው 1.8 ሜትር ከፍታ ያለው ለስላሳ የብረት ቧንቧ ይሁን፤ ከመመገቢያው ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ የቆርቆሮ ቆብ ይግባለት፣ ጠርዙም ይታጠፍ። ይህ ድመትንም አይጥንም ያግዳል። ከአጥርና ከዛፍ ቢያንስ 2 ሜትር ተኩል ይራቅ፤ አለበለዚያ ድመቷ ቆቡን ትታ ከጎን ትዘላለች።

ምግቡ ማሽላ፣ ዳጉሳ ወይም ኑግ ነው። ኑግ የእኛው አገር ሰብል ነው፤ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ለወፍ ምግብነት ይሸጣል፣ እኛ ግን ለወፍ ብለን አናስበውም። ጨው ያለበት የተረፈ ዳቦና እንጀራ አይጣልላቸው። ጠዋት አንድ የቡና ስኒ ይበቃል፤ ማታ የቀረው መነሳት አለበት፣ አይጥ የሚጠራው እሱ ነው። በሳምንት አንዴ ወንፊቱን አውጥቶ በአንድ እጅ በረኪናና ዘጠኝ እጅ ውሃ ማጠብ፣ አለቅልቆም ፀሐይ ላይ ማድረቅ ያስፈልጋል። ርግቦች የሚያስተላልፉት በሽታ አብዛኛው ከኩስ ነው።

ኮምቦልቻ ዳር፣ ማሽላ እርሻ አጠገብ ያላችሁ ግን በጥቅምትና በኅዳር አውርዱት። አዝመራው ገና ሳይሰበሰብ ወፍ የሚሰበስብ ገበታ ማቆም፣ ግሪሳ በተነሳበት ዓመት ከጎረቤት ያጣላል።

አንድ አናጺ፣ ከደሴ